ሳያዩ መተው መቼ ይፈቀዳል?

አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ ኮምፒውተር ቼዝ እንዲጫወት እንዴት ሊዘጋጅ እንደሚችል አሳየ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጽሑፉ የወጣበት መጽሔት «ፊሎሶፊካል ማጋዚን» ይባላል። በ1798 ሲመሠረት ተፈጥሮን መመርመርም የፍልስፍና ሥራ ተደርጎ ይቆጠር ነበርና ስሙ ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። የሻነን ጽሑፍ ግን ለመጽሔቱ ስም የሚመጥን ጉዳይ ይዞ ነበር። በአንድ የጨዋታ አቋም ላይ በአማካይ 30 ያህል የተፈቀዱ እርምጃዎች አሉ። ነጭና ጥቁር አንድ አንድ ጊዜ ሲንቀሳቀሱ ወደ 1,000 የሚጠጉ መንገዶች ይከፈታሉ። ጨዋታው 40 ዙር ከቆየ የመንገዶቹ ብዛት 1 ቁጥር ላይ 120 ዜሮ ተደርድሮ ይጻፋል። በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን መንገድ የሚመረምር ማሽን የመጀመሪያዋን እርምጃ ለመምረጥ ብቻ፣ ሻነን እንዳሰላው፣ 1 ላይ 90 ዜሮ ከተጨመረበት የሚበልጥ ዓመት ይፈጅበታል።

እንግዲህ ቼዝ የሚጫወት ሁሉ፣ ሰውም ይሁን ማሽን፣ አብዛኛውን ነገር ሳያይ ይተዋል። ከዚህ የሚያመልጥ የለም። የሚቀረው ጥያቄ የትኛውን፣ በምን ምክንያት፣ በማን ኪሳራ ይተዋል የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት የፈላስፎች ነበር። እንግሊዛዊው የሒሳብ ምሁርና ፈላስፋ ዊልያም ክሊፎርድ በ1877 ስለ እምነት ሥነ ምግባር ሲጽፍ የአንድ መርከብ ባለቤት ምሳሌ አቀረበ። መርከቧ አርጅታለች፤ ብዙ ጊዜም ተጠግናለች። ባለቤቱ ጥርጣሬ ገብቶታል፤ ነገር ግን ምርመራው ወጪ አለው። ስለዚህ እስከ ዛሬ በሰላም ስትመላለስ የኖረች መርከብ ዛሬም አትጠፋም ብሎ ልቡን አሳምኖ ተሳፋሪ ጭኖ ሸኛት። መርከቧ ሰጠመች። ባለቤቱ ለሞቱት ሰዎች ተጠያቂ ነው ቢባል የሚከራከር አይኖርም። ክሊፎርድ ግን አንድ እርምጃ ቀጠለ፤ መርከቧ በሰላም ደርሳ ቢሆን ኖሮም የሰውዬው በደል በምንም አይቀንስም አለ። በደሉ ከመርከቧ ዕጣ ጋር የተያያዘ አይደለም፤ ሳይመረምር እርግጠኛ መሆኑ ራሱ ነው ጥፋቱ።

ክሊፎርድን በቼዝ ሰዓት ፊት ብናስቀምጠው ግን ከባድ ነገር ይገጥመዋል። ሁሉን ልመርምር ካለ ሰዓቱ አልቆ ይሸነፋል። ሳይመረምር ከተንቀሳቀሰ የራሱን ሕግ ይጥሳል። የቼዝ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ከዚህ ችግር ለመውጣት ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲደክሙ ኖረዋል። የሚመጡት እርምጃዎች ከመልሶቻቸው ጋር እንደ ዛፍ ስለሚሠመሩ፣ የማይመረመሩትን መንገዶች መተው ቅርንጫፍ መከርከም ተባለ። በዚህ አንድ ስም የሚጠሩት ዘዴዎች ግን ሁለት ዓይነት ናቸው፤ በሥነ ምግባር ሚዛን ሲቀመጡም እኩል አይመዝኑም።

የመጀመሪያው አልፋ-ቤታ የሚባለው ነው። ጆን ማካርቲ ሐሳቡን ያነሳው በ1956 በዳርትመዝ ኮሌጅ በተደረገው የተመራማሪዎች ስብሰባ ሰሞን፣ ሌሎች የሚያዘጋጁት የቼዝ ፕሮግራም በከንቱ ሲደክም አይቶ ነበር። አለን ኒውዌል፣ ክሊፍ ሾውና ኸርበርት ሳይመን በ1958 ባወጡት ሥራ ተጠቀሙበት፤ በሶቭየት ኅብረትም አሌክሳንደር ብሩድኖ በ1963 ስለ ዘዴው አሳተመ።

አሠራሩን ለመረዳት ነጭ አንደኛውን እርምጃ መርምሮ ቢያንስ አቻ እንደሚያስገኝለት አረጋገጠ እንበል። ወደ ሁለተኛው እርምጃ ተሻገረ። ጥቁር ሊሰጥ ከሚችላቸው 30 መልሶች የመጀመሪያውን ሲያይ ንግሥቱ ያለ ምትክ ትበላለች። የቀሩት 29 መልሶች አልታዩም። ከመካከላቸው ለነጭ ከዚህም የባሰ ሊኖር ይችላል፤ ሆኖም ያ መልስ ምንም ይሁን ምን ውሳኔውን አይለውጠውም። መልሱን የሚመርጠው ተጋጣሚ ነውና ሁለተኛው እርምጃ ንግሥትን ከማጣት የተሻለ ውጤት አያመጣም፤ አቻው ደግሞ በእጅ አለ። 29ኙ ሳይታዩ ይታለፋሉ።

ዶናልድ ክኑትና ሮናልድ ሙር በ1975 ባቀረቡት ትንታኔ የዚህ ዘዴ ጥቅም እስከ ምን እንደሚደርስ አሰሉ። በየአቋሙ 30 እርምጃ አለ ብንልና ሁለቱ ወገኖች በድምሩ ስምንት ጊዜ የሚንቀሳቀሱበትን ርቀት ብንፈልግ፣ ያለ ክርከማ 656 ቢሊዮን ያህል የመጨረሻ አቋሞች መታየት አለባቸው። እርምጃዎቹ ሁልጊዜ ከምርጡ ጀምረው ከተደረደሩ አልፋ-ቤታ ይህን ሥራ በ1.6 ሚሊዮን ገደማ ይጨርሰዋል። የሚሰጠው መልስ ደግሞ ሁሉን አገላብጦ ያየ ማሽን ከሚሰጠው መልስ ጋር አንድ ነው።

ክሊፎርድ እዚህ ላይ የሚከስሰው ነገር አያገኝም። እያንዳንዱ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ከመቆረጡ በፊት የተቆረጠበት ምክንያት ተገኝቷል። ማሽኑ ንግሥት የሚያሳጣው እርምጃ በትክክል ምን ያህል መጥፎ እንደሆነ አያውቅም፤ ማወቅም አይፈልግም። የሚያውቀው ከያዘው እንደማይሻል ብቻ ነው፤ ለምርጫ ደግሞ ይህ ይበቃል። ብዙ ሰው ዕውቀትን የታየ ነገር ክምችት አድርጎ ያስባል። አልፋ-ቤታ ግን ያልታየ ነገርም በማስረጃ ተደግፎ የዕውቀት አካል ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

ለዚህ ትልቁ ማረጋገጫ የመጣው ከቼዝ ሳይሆን ከዳማ ነው። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲው ጆናታን ሼፈር በ1989 የጀመረውን ሥራ ከባልደረቦቹ ጋር በ2007 ፈጸመ፤ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሕግ የሚጫወቱት ዳማ ሁለቱም ወገኖች ካልተሳሳቱ አቻ እንደሚያልቅ ተረጋገጠ። በጨዋታው ሊገኙ የሚችሉት አቋሞች 500 ቢሊዮን ቢሊዮን ያህል ናቸው። ማረጋገጫው የጠየቀው ወደ 100 ትሪሊዮን የሚጠጋ ስሌት ነበር። አብዛኛው የዳማ ዓለም ሳይጎበኝ ስለ ዳማ የማያጠራጥር ነገር ታወቀ።

ይሁንና አልፋ-ቤታ፣ ነገሮች እጅግ ቢሳኩለትም፣ የሚያደርገው የፍለጋውን ርቀት በእጥፍ ማሳደግ ነው። ቼዝን ከዳር እስከ ዳር ለማየት ይህ አይበቃም። ስለዚህ ሁለተኛው ዓይነት ክርከማ መጣ፤ ያለ ማረጋገጫ፣ በግምት መቁረጥ።

አሌክስ በርንስታይን በ1957 በአይቢኤም 704 ኮምፒውተር ላይ ያሠራው ፕሮግራም በየአቋሙ ከሰባት እርምጃ በላይ አያይም ነበር። ሰባቱ የሚመረጡት ንጉሡ አደጋ ላይ ነው ወይ፣ የሚበላ ነገር አለ ወይ በሚሉ አጫጭር ጥያቄዎች ነው። ስምንተኛው ከጅምሩ የለም ማለት ነው። በኤምአይቲ ተማሪዎች ተጀምሮ በማካርቲ እጅ የቀጠለው የኮቶክ ፕሮግራምም እንዲሁ ጥቂት ጥሩ የሚመስሉ እርምጃዎችን መርጦ ሌላውን ይጥል ነበር። ይህ ፕሮግራም በ1966 እና በ1967 ከሞስኮው የቲዎሪና የሙከራ ፊዚክስ ተቋም ፕሮግራም ጋር በቴሌግራፍ አራት ጨዋታ ገጠመ። የሶቭየቱ ፕሮግራም በተወሰነ ጥልቀት ውስጥ ያለውን እርምጃ ሁሉ ይመለከት ነበር። ሁለቱን አሸንፎ ሁለቱን አቻ ወጣ። በ1973 ደግሞ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲዎቹ ዴቪድ ስሌትና ላሪ አትኪን «ቼስ 4.0» የተባለውን ፕሮግራማቸውን ሲጽፉ በግምት መምረጡን ትተው ሁሉን እርምጃ ወደ መመልከት ዞሩ። መራጩ ክፍል አንድ ጊዜ ከተሳሳተ የተጣለውን እርምጃ የሚያነሳው አልነበረምና።

የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ይህን ታሪክ ከሌላ ቦታ ያውቀዋል። በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 16 ነቢዩ ንጉሥ ሊቀባ ወደ ቤተ ልሔም ወደ እሴይ ቤት ይሄዳል። ኤልያብን ሲያይ ቁመናው ማርኮት የተመረጠው ይህ ነው ብሎ ያስባል፤ እግዚአብሔር ግን ሰው ፊትን እንደሚያይ እርሱ ልብን እንደሚያይ ይነግረዋል። ሰባት ልጆች በፊቱ ያልፋሉ። ስምንተኛው በግ ይጠብቃል እንጂ አልተጠራም፤ አባቱ ራሱ ከምርጫው አስቀርቶታል። እሴይ ክፉ አባት አልነበረም። ንጉሥ ይመረጣል ሲባል ትንሹን እረኛ መተው ለማንም ምክንያታዊ ነው፤ ዳዊት የተገኘው ሳሙኤል ሰባቱን ከጨረሰ በኋላ የቀረ ልጅ እንዳለ ስለጠየቀ ነው። ታሪኩ ሁለት ዓይነት አዋቂን ጎን ለጎን ያቆማል። ሁሉ የተገለጠለት አምላክ ቅርንጫፍ መቁረጥ አያስፈልገውም። ነቢይ እንኳ ቢሆን ሰው ግን በፊቱ ከቀረቡለት ይጀምራል፤ ስለዚህም መልሶ የመጠየቅ ግዴታ አለበት።

የሚደንቀው፣ ዛሬ ያሉት ጠንካራ የቼዝ ፕሮግራሞች በግምት ወደ መቁረጥ ተመልሰዋል። የተመለሱት ግን መልሶ መጠየቅን ተምረው ነው።

ከዘዴዎቻቸው አንዱ ባዶ እርምጃ ይባላል። ፕሮግራሙ ተራውን ለተጋጣሚው በነጻ እንደሰጠ አድርጎ ያስባል። ተጋጣሚው ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ተንቀሳቅሶም አቋሙን ካላበላሸው፣ አቋሙ ጠንካራ ነውና ዝርዝሩ መታየት አያስፈልገውም ብሎ ያልፋል። ሐሳቡ በ1980ዎቹ ዳበረ፤ በ1993 ክሪስቲያን ዶኒንገር ባሳተመው ጽሑፍ ምክንያት በሰፊው ተሠራበት። መሠረቱ አንድ ግምት ነው፤ መንቀሳቀስ ሁልጊዜ ካለመንቀሳቀስ ይሻላል የሚል። ቼዝ ተጫዋቾች ግን ይህ ግምት የሚፈርስበትን ሁኔታ ያውቁታል። ዙግዝዋንግ ይሉታል፤ ተራው የደረሰው ተጫዋች የትኛውንም ቢያንቀሳቅስ የሚጎዳበት አቋም ነው። በብዛት የሚከሰተው ንጉሥና ወታደር ብቻ ሲቀሩ ስለሆነ፣ ፕሮግራም ጸሐፊዎች በዚያን ጊዜ ዘዴውን ያጠፉታል፤ ወይም ባጠረ ፍለጋ ውሳኔውን እንደገና ያጣሩታል። ግምቱን ሲጠቀሙበት የሚፈርስበትን ቦታ ስም ሰጥተው፣ ወሰን አበጅተው ነው።

ሌላው ዘዴ እርምጃዎቹን ከተስፋ ሰጪው እስከ ተስፋ ቢሱ ይደረድርና ከኋላ ያሉትን በአጭር ርቀት ብቻ ይመለከታቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ ያልተጠበቀ ውጤት ካሳየ ግን ከመጀመሪያው በሙሉ ጥልቀት ይመረመራል። የበርንስታይን ስምንተኛ እርምጃ በሩ ተዘግቶበት ነበር። እዚህ ግን በሩ ገርበብ ብሏል።

ሆኖም በዚህም የሚያልፍ ነገር አለ። በ1998 በስፔን ሊናሬስ ቬሴሊን ቶፓሎቭና አሌክሲ ሺሮቭ ሲጫወቱ፣ ሺሮቭ በ47ኛው እርምጃ ቢሾፑን የነጭ ወታደር በነጻ ሊበላው በሚችልበት ቦታ አስቀመጠው። ጥቂት ቁሳቁስ በቀረበት ፍጻሜ ቢሾፕን ያለ ምትክ መስጠት ከዝርዝሩ ጭራ የሚመደብ እርምጃ ነው። የሺሮቭ ዓላማ ግን ለንጉሡ ወደ መሐል የሚወስደውን መንገድ መክፈትና አንድ እርምጃ መቅደም ነበር። ጨዋታውን አሸነፈ። ያቺ እርምጃ ለብዙ ዓመታት የቼዝ ፕሮግራሞች መፈተኛ ሆና ቆየች፤ የምትከፍለው ውጤት ሩቅ ስለሆነ በአጭሩ የሚያያት ሁሉ ይጥላታል።

የሰውም አእምሮ የሚሠራው በመተው ነው። ሆላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አድሪያን ደ ኽሮት የዓለም ምርጥ ተጫዋቾችን ጨምሮ ብዙዎችን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እያሰቡ እንዲጫወቱ አድርጎ ያገኘውን በ1946 አቀረበ። ታላላቆቹ ከመካከለኞቹ እጅግ ርቀው አያሰሉም ነበር፤ ልዩነታቸው ዓይናቸው ከመጀመሪያው በጥሩው እርምጃ ላይ ማረፉ ነው። በ1973 ዊልያም ቼይስና ሳይመን ለዚህ አንድ ማብራሪያ ጨመሩ። ሊቃውንቱ እውነተኛ የጨዋታ አቋምን በጨረፍታ አይተው በትክክል ያስታውሳሉ፤ መሣሪያዎቹ በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን ብልጫቸው ከሞላ ጎደል ይጠፋል። የሚተውበት ጥበብ ከረጅም ልምድ የመጣ ነው፤ ልምዱ ከማይደርስበት ቦታ ጥበቡም አይደርስም።

ጋሪ ካስፓሮቭ በግንቦት 1997 በኒውዮርክ ዲፕ ብሉ ከተባለው ኮምፒውተር ጋር ባደረገው ሁለተኛ ጨዋታ ይህ ድንበር ታየ። ማሽኑ በሴኮንድ 200 ሚሊዮን ያህል አቋም ይመረምር ነበር። ካስፓሮቭ በተጨነቀ አቋም ላይ ሆኖ እጁን ሰጠ። ብዙም ሳይቆይ ተንታኞች የማሽኑን ንጉሥ በተደጋጋሚ ቼክ እያለ አቻ ሊወጣ የሚችልበት መንገድ እንደነበረ አመለከቱ። የዓለም ሻምፒዮኑ ያንን ቅርንጫፍ እስከ ጫፍ አልተከተለውም፤ እንዲህ ያለ ብርቱ ተጋጣሚ ማምለጫ ክፍት አይተውም ብሎ አመነ። ውድድሩ በ3.5 ለ2.5 በዲፕ ብሉ አሸናፊነት ተጠናቀቀ። ከቼዝ ዓለም ውጭ ይህን ዓይነት መተው በየቀኑ እናያለን፤ ነገሩ ስለተመረመረ ሳይሆን ታላቅ የተባለ ሰው ጨርሶታል ስለተባለ ብቻ የሚዘጋ ጥያቄ ብዙ ነው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊልያም ጄምስ በ1896 ለክሊፎርድ መልስ ሲሰጥ፣ አንዳንድ ምርጫዎች ግዴታ እንደሆኑ አሳሰበ። ማስረጃ እስኪሟላ ልጠብቅ ማለት ራሱ አንዱን መንገድ መምረጥ ይሆናል። ሰዓቱ እየሄደ ያለ ቼዝ ተጫዋች የጄምስን ነገር ወዲያው ይረዳዋል። ማካርቲም ወደዚሁ ጉዳይ በሌላ በር ገብቷል፤ እሱና ፓትሪክ ሄይስ በ1969 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ አንድ ድርጊት ሲፈጸም የማይለወጠውን ስፍር ቁጥር የሌለው ነገር አንድ በአንድ ሳይዘረዝሩ ማሰብ እንዴት እንደሚቻል ጠየቁ። ማሽን የማይመለከተውን ነገር ሁሉ «ይህ አይመለከተኝም» እያለ ሲቆጥር ጊዜው ያልቃል። ማሰብ የሚችል ፍጡር አስቀድሞ የሚተወውን ያውቃል።

ሆኖም ጄምስ ማሸነፉ የመርከቡን ባለቤት ነጻ አያወጣውም። የቼዝ ፕሮግራሞች ታሪክ ሁለቱን ፈላስፎች የሚያስታርቅ መንገድ ያሳያል። ውሱን አእምሮ ሳያረጋግጥ መተው ስለማይቀርለት፣ በዚህ ብቻ ሊወቀስ አይገባም። የሚወቀሰው በግምት የተወውን በማስረጃ እንደተወ አድርጎ ሲቆጥር፣ ግምቱ የሚፈርስበትን ቦታ ሳይፈልግ ሲቀር፣ የተጣለው የሚነሣበትን መንገድ ሳያዘጋጅ ሲዘጋ ነው። የመርከቡ ባለቤት ሦስቱንም አድርጓል። በሙሉ ለመመርመር ጊዜ አልነበረኝም ሊል ይችል ይሆናል፤ ጥርጣሬው በመጣ ጊዜ ግን ተመልሶ ማየት ሲገባው ጥርጣሬውን ከልቡ አባረረው።

በቼዝና በሕይወት መካከል አንድ ከባድ ልዩነት አለ። ስቶክፊሽ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ አዲስ የክርከማ ደንብ ሲታሰብ፣ በጎ ፈቃደኞች ባዋሷቸው ኮምፒውተሮች ላይ አሮጌውና አዲሱ በሺዎች የሚቆጠሩ ጨዋታዎች ይገጥማሉ። ደንቡ ጥሩ ነገር እየጣለ ከሆነ ሽንፈቱ በቁጥር ይታያል። በሰው ጉዳይ ይህ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የሥራ ማመልከቻው በመጀመሪያው ማጣሪያ የወደቀ ሰው ቢቀጠር ምን ያህል ይሠራ እንደነበር ለቀጣሪው የሚነግረው የለም። ያልተጠራ ምስክር፣ በሐኪሙ ዝርዝር ያልገባ በሽታ፣ ገና ሲጀምር ሞኝ ተብሎ የተቋረጠ ተናጋሪ የስሕተቱን ውጤት ይዘው አይመለሱም። ማጣሪያው ከራሱ ምርጫ ውጭ የሚያየው ስለሌለ ዘወትር ትክክል መስሎ ይታየዋል። ዛሬ ይህ ሥራ በፍጥነት ለኮምፒውተር እየተሰጠ በመሆኑ ጉዳዩ ይበልጥ አስቸኳይ ነው፤ አንድ የተሳሳተ ግምት በአንድ ባለሥልጣን ጠረጴዛ ላይ መቶ ሰው ይጎዳ የነበረ፣ በፕሮግራም ሲጻፍ መቶ ሺህ ሰው ላይ ይደርሳል።

ፍርድ ቤቶች ይግባኝን፣ ሐኪሞች ሁለተኛ ምርመራን ያበጁት ለዚህ ነው። ቀጣሪዎች፣ ትምህርት ቤቶችና ለተቸገሩ ድጋፍ የሚያከፋፍሉ ድርጅቶችም ከጣሏቸው ማመልከቻዎች ጥቂቱን በዕጣ አንሥተው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሌላ ሰው ማስመርመር ይችላሉ። ከተነሡት መካከል ስንቱ መጣል እንዳልነበረበት ሲቆጠር፣ ማጣሪያው እስከዚያ ድረስ ያላገኘውን የሽንፈት መዝገብ ያገኛል። ይህ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ስቶክፊሽም አጠራጣሪ ሆኖ የተገኘውን እርምጃ በሙሉ ጥልቀት መልሶ ሲመረምር ከሰዓቱ ላይ ይከፍላል፤ ክፍያው አስቀድሞ በአሠራሩ ውስጥ የተመደበ ነው።